የአርባ ሰከንድ ሙሽራ

ዙፋን ሰኞ ጠዋት የተረከበችው የፊልም ፖስታ ርዝመቱ አርባ ሰከንድ ነበር። አርባ ሰከንድ ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም፤ የጫማ ክር አስረው ቀና እስኪሉ ያልፋል። ለሚስለው ግን ሌላ ነው። አንዱ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ይፈልጋል፤ አርባው ሰከንድ አራት መቶ ሰማንያ ሥዕል መሆኑ ነው። ደህና ሠዓሊ በቀን አርባ ይጨርሳል። ስለዚህ ዙፋን ፈርማ ስትወስድ ከአንድ የማታውቀው ሰው ጋር ሁለት ሳምንት ልትከርም እንደሆነ ገብቷታል። ሥራዋ ነውና ምንም አልመሰላትም።

የመልክ ሕግ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ማንም ሰው መልኩን ከማንም ሰው ፊልም ማስወጣት ይችላል። ቅጽ ይሞላል፣ ይፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ በእጅ የተሳለ ሰው ይቆማል። የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የሚያጨበጭቡት ዘመዶችም። ሕጉ «የመልክ ስረዛ» ይለዋል። ሕዝቡ ፊት መንሳት ይለዋል፤ ሕዝብ ቃል ቸግሮት አያውቅም።

ነገሩ ከተለመደ ቆይቷል። ምሳ ቤት ግድግዳ ላይ በሚታየው የድሮ ኳስ ጨዋታ ሃያ አንዱ ተጫዋች ላብ በላብ ሆኖ ሲራወጥ፣ አንዱ በረኛ እርሳስና ቀለም ነው። ጎል ሲገባበት ፈገግ ይላል። ፈገግ የሚለው ወዶ አይደለም። ለተሰረዘ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ፊት አንድ ነው፤ ኮሚቴ ሁለት ዓመት ተሰብስቦ ያጸደቀው፣ ሁለት ዓይን፣ አጭር የአፍንጫ መስመርና ትንሽ ፈገግታ ያለው ፊት። ሠዓሊዎቹ «ልዝቡ» ይሉታል። ልዝቡ ሠርግ ላይም ልዝቡ ነው፣ ለቅሶ ላይም ልዝቡ ነው። ልጆች የቤተሰብ ፊልም ሲያዩ እሱ ማነው ብለው ከጠየቁ እናቶች «የሄደ ሰው ነው» ብለው ያልፉታል።

ለምን በእጅ ይሳላል ለሚል ሰው ሕጉ መግቢያው ላይ መልስ አለው። ማሽን ያየውን አይረሳም፣ ሰው ግን ይረሳል ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አንድም ቀን ሰው ስለው የሚያውቁ አይመስሉም።

ሥራው የሚሠራው ደብረ ብርሃን ጫፍ ላይ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰባ አንድ ሠዓሊ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ፍሬሙ፣ ማለትም ከፊልሙ የወጣው አንዱ ምስል፣ ከታች፣ ወረቀቱ ከላይ ነው። ፍሬሙ የሚደርሳቸው ፊቱ ተፍቆ፣ ዙሪያው በጥቁር ተሸፍኖ ነው፤ የሚታየው የሰውየው አካል ብቻ ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር አለው። ሠዓሊ በፖስታ ውስጥ ያየውን ለማንም፣ ለትዳር ጓደኛም ሆነ ለንስሐ አባት፣ እንዳይናገር ምሎ ነው የሚቀጠረው። መሐላውን ያፈረሰ ዳግመኛ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

ዙፋን በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች፤ መሐላዋንም ጠብቃ ኖራለች። የጎረቤቷን ወገብ ስላ ጎረቤቷን ደህና አደርሽ ብላ ታውቃለች። የዚህ ሰኞው ሰውዬ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ አለ። ሙሽራ ነው። ዘጠነኛው ፍሬም ላይ ቀኝ ትከሻውን ብድግ አደረገና ተራመደ። ሲራመድ ግራ እጁ ተጨብጧል፤ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ውስጥ ገብቷል።

የዙፋን እርሳስ ቆመ። ባሏ ምንተስኖት ከመራመዱ በፊት ቀኝ ትከሻውን ብድግ ያደርጋል። እጁን ሲጨብጥ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ይከታል፤ እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው ይላሉ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ሲያገባት ጥቁር ሱፍ ለብሶ ነበር፣ ደረቱም ላይ ነጭ አበባ ነበር። በዚያ ዓመት ያገባ ወንድ ሁሉ ጥቁር ሱፍ ለብሷል ብላ ለራሷ ነገረቻት። ራሷ አላመነቻትም።

በዚህ ከተማ ትዳር የሚፈርሰው ፍርድ ቤት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ፊት ይነሳል። ሴቲቱ አንድ እሑድ የሠርጓን ፊልም ልታይ ስትከፍት ከጎኗ ልዝቡ ቆሞ፣ ኬክ ሲያጎርሳት ታገኘዋለች፤ ያኔ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግራታል። ቀድማ ፊት የነሳች ሴት ግን በዚያው መንገድ ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ጀግና ናት ይሏታል። ዙፋን ሁለቱንም ዓይነት ሴቶች ታውቃለች፤ የአንዳንዶቹን ባሎች በእጇ ስላለች።

ባሏን መጠየቅ አልቻለችም። ብትጠይቀው መሐላዋን ታፈርሳለች፤ ሥራዋም ይሄዳል። ስለዚህ ማየት ጀመረች።

ምንተስኖት የውኃ መስመር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ቤቱን የሚወድ ሰው ነው። ረቡዕ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። በረቡዕ ፀጉሩን ተቆርጦ የሚያውቅ አልመሰላትም። ሐሙስ ሸሚዙን ራሱ አጠበ። ዓርብ እራት በልቶ ሲነሳ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣፋጭ ነበር» አላት፤ እሷም ለምን እንዲህ እንዳመሰገናት ስታሰላስል አደረች። አንድ ቀን አምሽቶ ሲገባ ቧንቧ ፈንድቶ ነው አለ። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጫማውን ገልብጣ አየችው። ጭቃ ነበረው። ጭቃ ደግሞ የትም አለ አለች በሆዷ።

በጎን ደግሞ ሥራዋ እንደ ጉድ ይሮጥ ጀመር። በቀን አርባ የነበረው አርባ ስምንት፣ ከዚያ ሃምሳ ሁለት ሆነ። እጇ ፍሬሙን ሳይጠብቅ ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር ይጥላል፤ ሰውዬው ሲዞር፣ ሲያጎነብስ፣ ክንዱን ሲዘረጋ፣ ሁሉን ቀድማ ታውቀዋለች። ከጎኗ የምትቀመጠዋ ባልደረባዋ ምን በልተሽ ነው ብላ ቀለደችባት። ዙፋን ግን ይህን እንደ ማስረጃ ያዘችው። የማያውቁትን ሰው በቀን ሃምሳ ሁለት መሳል አይቻልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥርጣሬው የሚገላግላት ነገር እንዳለ ትዝ አላት። የራሳቸው የሠርግ ፊልም ቤት አለ። የቤተሰብ ፊልም አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እሱም ቁም ሳጥኑ ውስጥ በሳጥን ተቀምጧል። አውጥታ ብታየው፣ እሱ ሲደንስ ብታየው፣ ነገሩ ይለይላታል። ምንተስኖት በረንዳ ላይ ካልሲ ሲያሰጣ ጠብቃ ሳጥኑን ከፈተች። የልጃቸው የኤልዳና ክርስትና አለ፣ ልደቶቿ አሉ፣ የአማቷ ስድሳኛ ዓመት አለ። የሠርጉ ፊልም ቦታ ባዶ ነበር።

ስትጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል ነው የመለሰላት። የኤልዳና አስተማሪ እናትና አባታችሁ ሲጋቡ የተነሱትን ፊልም አምጡ ብላቸው፣ ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ይዛው ሄዳለች። ዙፋን እሺ ብላ ገባች። የአሥር ዓመት ልጆች አስተማሪ የሰው ሠርግ ምን ያደርግላታል? መልሱስ ለምን እንዲህ ተዘጋጅቶ ጠበቃት? ኤልዳናን ጠርታ ብትጠይቅ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ልጅን በአባቷ ላይ ማስመስከር ነውር መስሎ ታያትና ተወችው። ነውሩን ፈርታ ይሁን መልሱን ፈርታ፣ በኋላም ለይታ አላወቀችውም።

ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳ መልክ መዝገብ ቤት ሄደች። ወረፋው አጭር ነበር። ቅጹ ላይ «ከማን ፊልም» የሚል ቦታ አለ፤ የባሏን ስም ሞላች። የቤቱ ፊልሞች ሁሉ በእሱ ስም የተመዘገቡ ናቸው። የመስኮቱ ሠራተኛ መዝገቡን ተመልክቶ፣ እሷ ያለችባቸው ፊልሞች አሥራ ሰባት መሆናቸውን ነገራት። በአሥራ አንዱ ውስጥ ኤልዳናን ታቅፋለች። ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ ሥዕሉ እንደሚጀመር፣ ሥዕሉ ሲያልቅ ዋናው ፊልም እንደሚቃጠል፣ ሐሳቧን ብትቀይር ስረዛው የሚሻረው የፊልሙ ባለቤት በአካል ቀርቦ ሲፈቅድ ብቻ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረላት። ዙፋን የሰማችው «ይፈርሙ» የሚለውን ነው። በሕይወቷ እንደዚያ ጠዋት ተናድዳ አታውቅም፤ ሳይቀድመኝ ቀደምኩት እያለች ወደ ሥራዋ በእግሯ ተመለሰች።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ኤልዳና አስተማሪዋ ስታነጥስ እያስመሰለች አሳየቻቸው። ምንተስኖት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ እንደ ሁልጊዜው የቫዝሊኑን ቆርቆሮ አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ብርዱና ወረቀቱ የሰነጠቁትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አሻቸው። ኤልዳና ደግማ ስታነጥስ ዙፋንም ሳቀች። ሳቁ እንዳያሳብቅባት ብላ ጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ይህም አናደዳት።

ዓርብ ጠዋት አራት መቶ ሰማንያውን ጨርሳ አስረከበች። የሠዓሊዎችን ሥራ የሚያመሳክሩት እትዬ ውድነሽ ናቸው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሕጉ ከወጣ ጀምሮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አሉ። ከምሳ በኋላ አስጠሯት። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧትና ፍሬሙን ከታች፣ የእሷን ሥዕል ከላይ አድርገው መብራቱን አበሩት። አንዱ ልክ ነው። አሥረኛው ልክ ነው። እስከ ሠላሳ ድረስ መስመሩ ከሰውየው አካል ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ መለያየት ጀመረ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሰውዬው የጨበጠውን እጁን ፈቷል፤ የእሷ ሥዕል እንደጨበጠ ነው። ሰባኛው ላይ ሰውዬው መሀረብ ይዞ ያወዛውዛል። መቶ ሃምሳ ላይ ሰውዬው በግራ ይዞራል፣ የእሷ በቀኝ። ሦስት መቶ ላይ ሲደርሱ ከታች አንድ ደንዳና፣ አጭር፣ ጉልበቱን የሚያመው የሚመስል ሰው በከባዱ ሲጨፍር፣ ከላይ ሌላ ቀጭን ሰው ይደንስ ነበር። ሁለቱ የሚገጥሙት በሱፉ ብቻ ነው።

«ይሄ ማነው?» አሉ እትዬ ውድነሽ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው።

ዙፋን የሚሰማ ሰው እንዳለ ዞር ብላ አየች።

«ስሙን አልጠየቅሁሽም። እዚህ ውስጥ ያለው ሰውዬ አይደለም ማለቴ ነው።»

«ትከሻውን አነሳ፣ እትዬ። መጀመሪያ ላይ ከመራመዱ በፊት ቀኝ ትከሻውን ብድግ አደረገ።»

«ሠርግ ነው እኮ ልጄ። በሠርጉ ቀን ትከሻውን የማያነሳ ወንድ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሊገሥጿት አልነበረም የጠሯት። ይህ ነገር ሠዓሊ ሆኖ የማያገኘው የለም አሏት። እሳቸው ራሳቸው በሦስተኛ ዓመታቸው የአንድ የማያውቁት ተማሪ የምረቃ ፊልም ደርሷቸው፣ የሞተ ወንድማቸውን ከነአረማመዱ ስለው አስረክበዋል። ወላጆቹ የኛ ልጅ እንዲህ አይሄድም ብለው መለሱት። አንድ ምልክት ይገጥማል፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን ወረቀቱን እንጂ ፍሬሙን አያይም፣ እጅ የለመደውን ይስላል። ፍጥነት ሲጨምር ያኔ መጠርጠር ነው አሉ። አራት መቶ ሃምሳው ይቀደዳል፣ ሰኞ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ በቃ ይኸው ነው። ይህን ተናግረው ሲያበቁ የዙፋንን ፊት አዩ።

«ምን አደረግሽ?»

«ማክሰኞ ቅጽ ሞላሁ።»

እትዬ ውድነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ባልሽን ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂ» አሉ። «ካልቀረበ አይሻርልሽም። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ሁሉንም ንገሪው። መሐላሽን ስታፈርሺ እኔ አልሰማሁም።»

ቤት ስትደርስ ኤልዳና ከትምህርት ቤት ተመልሳለች። የሠርጉ ፊልም በፖስታው ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከላዩ ላይ አስተማሪዋ በእጇ የጻፈችው የምስጋና ወረቀት አለ። ልጆቹ ድሮ ሰው እንዴት ይለብስ እንደነበር ሲማሩ ነው የሰነበቱት። ዙፋን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊልሙን አልከፈተችውም።

ቅዳሜ ልጅቷ ጎረቤት ስትሄድላቸው ነገረችው። ምንተስኖት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈትቶ፣ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰማት። ይጮሃል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ቢጮህ ይቀላት ነበር። ስለ ፖስታው፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ጫማው ሁሉንም ነገረችው። ስታወራው ነገሩ ለራሷም ቀሎ ተሰማት፤ ይህን ሁሉ ጭቃና ካልሲ አስራ ይዛ ሁለት ሳምንት መክረሟ አሳፈራት። መጨረሻ ላይ ማክሰኞን ተናገረች።

«አሥራ ሦስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፊት የሌለው ሰው እኔን መሰለሽ?»

«ልጠይቅህ አልችልም ነበር። ምዬ ነው የተቀጠርኩት።»

«የፊልሙን ነገር ጠየቅሽኝ አይደል? እኔም መለስኩልሽ።»

ምንተስኖት ቧንቧውን መልሶ ገጠመው፣ ውኃው አለመንጠባጠቡን አየ፣ እጁን ታጠበ። ሰኞ ጠዋት አስፈቅዶ አብሯት እንደሚሄድ ነገራት። እሑድን ሙሉ እንደወትሮው ነበር፤ ኤልዳናን ሲያጫውት፣ ራዲዮ ሲሰማ ዋለ። ዙፋን ይቅር ብሎኛል ብላ አሰበች። ከዚያ ደግሞ እንደወትሮው መሆኑ አስፈራት።

ሰኞ መዝገብ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁጥራቸውን ጠበቁ፤ እሱ ኮቱን አውልቆ ብርድ እንዳይመታት ትከሻዋ ላይ አደረገላት። ሲጠሩ አብረው ተነሱ። ሠራተኛው ያው የማክሰኞው ወጣት ነው። እሷን ማወቁን አላሳየም፤ መታወቂያቸውን ተቀብሎ ከሰሌዳው ላይ ማንበብ ጀመረ።

«አቶ ምንተስኖት ጓንጉል፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዙፋን በስምዎ በተመዘገቡ አሥራ ሰባት ፊልሞች ውስጥ በመልካቸው እንዲቆዩ ይፈቅዳሉ?»

አዎ ይበልና እንሂድ፣ መንገድ ላይ ይቆጣኝ፣ ቤት ገብቶ ዓመት ሙሉ ያኩርፈኝ ስትል ዙፋን በልቧ ለመነች።

«ቅጹን ማየት እችላለሁ?» አለ ምንተስኖት።

ሠራተኛው በመስኮቱ ሥር አሳለፈለት። ምንተስኖት ከላይ ጀምሮ እስከ ታች አነበበው፤ ፊርማዋን አየ፣ ከፊርማዋ አጠገብ ያለውን ማኅተም አየ። እዚያ ላይ ቆየ።

«ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ሳይዞር፣ «ማክሰኞ ጠዋት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ማታውን እጅሽን አሽቼልሻለሁ።»

«አዎ።»

«ስትስቂ ነበር።»

እውነቴን ነበር የሳቅኩት ልትል አፏን ከፈተች። መጀመሪያውም እውነት ነበር ብላ ለመማል ግን አልሆነላትም፤ የቱ ጋ እውነት እንደሆነ ማስረዳት ደግሞ እዚያ መስኮት ላይ፣ ሰው ከኋላ ተሰልፎ፣ የሚሆን አልነበረም። ሠራተኛው ጥያቄውን ድጋሚ ያነብብ እንደሆነ ጠየቀ። ምንተስኖት አያስፈልግም አለው።

«እስቲ ላስብበት» አለ።

ወጣቱ እንዲህ ያለ መልስ ለምዷል። ከሠላሳው ቀን ሃያ አራት እንደቀረ፣ እስከዚያ ካልቀረበ ሥዕሉ እንደሚጀመር ነግሮት ወረቀት ሰጠው፤ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም ጠራ። ምንተስኖት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ከመስኮቱ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ሳይቸኩል፣ ኮቱን የደረበችበትን ትከሻዋን፣ አቋቋሟን፣ አፏን፣ በመጨረሻም ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለየ አየ። ዙፋን እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።